ክፍት የትምህርት ሀብቶችና የኮሌጅ መምህራን፦ ከማውረድ ወደ ማጣጣም

ወቅታዊ ትንታኔ

በአገራችን ኮሌጆች አንድ ተማሪ በሴሚስተሩ መግቢያ የሚይዘው የንባብ ጽሑፍ በአብዛኛው ከአራት ምንጮች ከአንዱ የሚገኝ ነው፦ መምህሩ ካዘጋጀው ሃንድአውት፣ ከቤተ መጻሕፍት በተራ ከሚነበብ መጽሐፍ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ከተባዛ ምዕራፍ ወይም በቴሌግራም ከሚተላለፍ ፒዲኤፍ። የመጀመሪያው በአንድ መምህር ጊዜና አቅም የተወሰነ ነው። ሁለተኛው በቅጂ ብዛት፣ ሦስተኛው በተማሪው ኪስ ይወሰናል። አራተኛው ደግሞ ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደታተመና መሰራጨቱ የተፈቀደ መሆን አለመሆኑ ብዙ ጊዜ አይታወቅም። በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚገባ የኮሌጅ መጽሐፍ ከብዙ ቤተሰቦች አቅም በላይ በመሆኑ፣ ተማሪውም መምህሩም ያገኙትን ይዘው ለመሥራት ይገደዳሉ።

በሌላ በኩል፣ ባለመብቶቻቸው ማንም እንዲጠቀምባቸው፣ እንዲያሻሽላቸውና እንዲተረጉማቸው አስቀድመው የፈቀዷቸው በርካታ መማሪያ መጻሕፍት፣ ሞጁሎች፣ ሥዕላዊ መግለጫዎችና የቤተ ሙከራ ማሳያዎች አሉ። እነዚህ ክፍት የትምህርት ሀብቶች ይባላሉ። ጥያቄው ሀብቶቹ ለምን ወደ መማሪያ ክፍል በበቂ ሁኔታ አልገቡም የሚለው ነው። የዚህ ትንታኔ መነሻ፣ መልሱ በይዘት እጥረት ወይም በኢንተርኔት መስመር ላይ ብቻ የማይመሠረት፣ ይልቁንም መምህሩ ሀብቱን ፈልጎ ለማግኘት፣ ለመመዘን፣ ለማጣጣምና መልሶ ለማካፈል ካለው ብቃትና ከሚያገኘው ድጋፍ ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው።

«ክፍት» ሲባል ምን ማለት ነው?

በተለምዶ በኢንተርኔት ላይ ያለ ክፍያ የሚገኝ ጽሑፍ ሁሉ ክፍት ተደርጎ ይወሰዳል። ይህ አረዳድ መታረም ይኖርበታል። አንድ ጽሑፍ ያለ ክፍያ መነበቡ ብቻ ክፍት አያሰኘውም። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) ኅዳር 15 ቀን 2012 ዓ.ም ባጸደቀው ምክረ ሐሳብ መሠረት፣ ክፍት የትምህርት ሀብት የሚባለው በማንኛውም ቅርጽ የተዘጋጀ የመማሪያ፣ የማስተማሪያ ወይም የምርምር ሥራ ሆኖ፣ በቅጂ መብት የማይጠበቅ የሕዝብ ሀብት የሆነ ወይም ባለመብቱ በክፍት ፈቃድ የለቀቀው ነው። ፈቃዱም ያለ ክፍያ ለማግኘት፣ ደግሞ ለመጠቀም፣ ለሌላ ዓላማ ለማዋል፣ ለማጣጣምና ለማሰራጨት የሚያስችል መሆን አለበት።

በስፋት የሚሠራባቸው ፈቃዶች ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ያወጣቸው ናቸው። ፈቃዶቹ የሚዋቀሩት ከአራት ሁኔታዎች ነው፦ የሥራውን ባለቤት መጥቀስ፣ የተሻሻለውን ሥራ በተመሳሳይ ፈቃድ ማካፈል፣ ለንግድ አለመጠቀም እና ሥራውን አለመለወጥ። ከእነዚህ ጥምረት ስድስት ፈቃዶች ይገኛሉ። በስድስቱም ውስጥ ባለቤቱን መጥቀስ ግዴታ ነው።

ልዩነቱ በተግባር ከፍተኛ ነው። አንድ የኬሚስትሪ መምህር ባለቤቱን መጥቀስ ብቻ የሚጠይቅ ፈቃድ ካለው መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ወስዶ፣ ምሳሌዎቹን በአገር ውስጥ ምሳሌ ተክቶ፣ ወደ አማርኛ ወይም ወደ አፋን ኦሮሞ ተርጉሞ፣ አሳትሞ ለተማሪዎቹ ማደል ይችላል። ያው መጽሐፍ «አይለወጥ» የሚል ፈቃድ ቢኖረው ግን እንዳለ ያባዛዋል እንጂ ትርጉሙን ማሰራጨት አይችልም። ስለዚህም መለወጥን የሚከለክሉ ፈቃዶች ያሉባቸው ሥራዎች በዩኔስኮ ትርጓሜ መሠረት ክፍት የትምህርት ሀብቶች ተብለው አይቆጠሩም። ይህን ልዩነት ከአንድ ገጽ ላይ አይቶ መለየት አንድ መምህር ሊያዳብረው የሚገባ የመጀመሪያ ክህሎት ነው።

ከይዘት ማከማቸት ወደ ሰው ማብቃት

የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የኮርሶቹን ማስተማሪያዎች በኢንተርኔት በነፃ እንደሚለቅ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነበር። በቀጣዩ ዓመት ዩኔስኮ በፓሪስ በጠራው መድረክ «ክፍት የትምህርት ሀብቶች» የሚለው ስያሜ በይፋ ተወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የፓሪስ መግለጫ መንግሥታት በሕዝብ ገንዘብ የተዘጋጁ የትምህርት ሥራዎችን በክፍት ፈቃድ እንዲለቁ አበረታታ። እ.ኤ.አ. በ2017 በሉብሊያና፣ በኅዳር 2024 ደግሞ በዱባይ ዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ተካሂደዋል።

በእነዚህ ዓመታት የታየው የአስተሳሰብ ለውጥ ትኩረት ይሻል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥረቱ ያተኮረው ይዘትን በብዛት በማከማቸት ላይ ነበር። ማከማቻዎቹ ሞሉ፤ የማስተማሪያ ክፍሎች ግን በዚያው ልክ አልተለወጡም። የ2012 ዓ.ም ምክረ ሐሳብ ከዘረዘራቸው አምስት የሥራ መስኮች መካከል የመጀመሪያው የባለድርሻዎችን አቅም መገንባት ነው። ደጋፊ ፖሊሲ፣ አካታችና ጥራቱን የጠበቀ ተደራሽነት፣ ዘላቂ አሠራር እና ዓለም አቀፍ ትብብር ከዚያ ይከተላሉ። ቅደም ተከተሉ አንድ ነገር ያመለክታል፦ ሀብቱን የሚጠቀምበት ሰው ካልበቃ የተከማቸው ይዘት ተከማችቶ ይቀራል።

በአገራችን ያለው መሠረት

ክፍት የትምህርት ሀብት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ጎልቶ የሚጠቀሰው ምሳሌ ከጤናው ዘርፍ የሚገኝ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ከደረጃ 3 ወደ ደረጃ 4 ለማሳደግ፣ የፌዴራል ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ፣ ከአምሬፍ፣ ከዩኒሴፍና ከዓለም የጤና ድርጅት ጋር በመሆን 13 ሞጁሎችን አዘጋጅቷል። የቅድመ ወሊድ እንክብካቤ፣ የክትባት፣ የሥርዓተ ምግብ፣ የተላላፊ በሽታዎችና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ርዕሶች ከእነዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ይዘቱን የጻፉት በአገሪቱ የጤና ሁኔታ ውስጥ የሠሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ናቸው። ኦፕን ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ለርቀት ትምህርት በሚስማማ አኳኋን የመጻፍ ልምዱን አካፍሏል። ሞጁሎቹ ታትመው ለሠልጣኞች ደረሱ፤ በክፍት ፈቃድ ስለተለቀቁም ማንም የጤና ኮሌጅ መምህር ዛሬም አውርዶ ሊጠቀምባቸው ይችላል።

ከዚህ ሥራ ሁለት ትምህርቶች ይወሰዳሉ። አንደኛው፣ ክፍት ሀብት የግድ በኢንተርኔት የሚነበብ አለመሆኑ ነው፤ በወረቀት ታትሞ ገጠር ቀበሌ ሊደርስ ይችላል። ሁለተኛው፣ የአገር ውስጥ ባለሙያ የይዘቱ ተቀባይ ብቻ ሳይሆን አዘጋጅም ሊሆን መቻሉ ነው።

በመምህራን ትምህርት በኩልም ተመሳሳይ ተሞክሮ አለ። መቀመጫውን ናይሮቢ ያደረገው የአፍሪካ ቨርቹዋል ዩኒቨርሲቲ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ10 የአፍሪካ አገሮች ተሳትፎ፣ ለሒሳብና ለሳይንስ መምህራን ሥልጠና የሚውሉ 73 ሞጁሎችን አዘጋጅቶ በክፍት ፈቃድ ለቋል።

በፖሊሲ ረገድ፣ የቀድሞው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አጽድቋል። ፖሊሲው በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩ የዩኒቨርሲቲ ምርምሮች፣ የመመረቂያ ጽሑፎችና መረጃዎች ለሕዝብ ክፍት እንዲሆኑ ያዛል። ሚኒስቴሩ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር መጠቃለሉ ይታወሳል። የፖሊሲው ዋና ትኩረት ግን ምርምር ነው። መምህሩ በየዕለቱ የሚያዘጋጃቸው ሃንድአውቶች፣ የመልመጃ ጥያቄዎችና የቤተ ሙከራ መመሪያዎች በምን ፈቃድ ይለቀቁ የሚለው ጥያቄ በየተቋሙ መልስ የሚሻ ነው።

ከመጋቢት 2012 ዓ.ም ጀምሮ በኮቪድ 19 ወረርሽኝ ምክንያት ተቋማት ሲዘጉ፣ ይህ ክፍተት በግልጽ ታይቷል። ብዙ መምህራን በጥቂት ቀናት ውስጥ ኮርሳቸውን ወደ ዲጂታል እንዲያዞሩ ተጠየቁ፤ በእጃቸው የነበረው ግን በአብዛኛው የግል ማስታወሻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ከሻያሾን ጋር በጀመረው የኢ-ለርኒንግ መርሐ ግብር የዩኒቨርሲቲ መምህራን የኦንላይን ኮርስ አቀራረጽን እንዲሠለጥኑ ተደርጓል።

ጉዳዩን ይበልጥ ወቅታዊ የሚያደርጉት ሌሎች ሁለት ለውጦች አሉ። ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች በሁሉም ተቋማት የጋራ ኮርሶችን ይወስዳሉ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ዕጩ ምሩቃን አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይፈተናሉ። በአገሪቱ በተለያየ ማዕዘን ያሉ፣ የመንግሥትም ሆኑ የግል ተቋማት ተማሪዎች በአንድ ፈተና ይመዘናሉ ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ እያንዳንዱ መምህር ለተመሳሳይ ኮርስ ከባዶ ወረቀት እየጀመረ ሃንድአውት መጻፉ የድካም ድግግሞሽ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልምድ ያላቸው መምህራን ያሉበት ተቋም ተማሪ ጥሩ ጽሑፍ ሲያገኝ፣ አዲስ የተከፈተ ኮሌጅ ተማሪ ያንኑ ሳያገኝ ለአንድ ፈተና ይቀርባል። በክፍት ፈቃድ የሚጋራ ጽሑፍ ይህን ልዩነት ለማጥበብ ከሚያስችሉ አነስተኛ ወጪ ከሚጠይቁ መንገዶች አንዱ ነው።

እንቅፋቱ የት ላይ ነው?

የመጀመሪያው እንቅፋት ጊዜ ነው። ብዙ ክፍሎችን የሚያስተምር፣ የተማሪዎችን ፈተና የሚያርምና የትምህርት ላይ ልምምድ የሚከታተል መምህር ከሺዎች ከሚቆጠሩ ሀብቶች መካከል ለኮርሱ የሚስማማውን ለመለየት ሰዓታት ያስፈልጉታል። የት መፈለግ እንዳለበት የማያውቅ ሰው በመፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ያገኘውን የመጀመሪያ ፒዲኤፍ ያወርዳል።

ሁለተኛው እንቅፋት ምዘና ነው። ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነገር ጥራት ይጎድለዋል የሚል ጥርጣሬ ይኖራል፤ በሌላ ጽንፍ ደግሞ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ሁሉ ትክክል ነው የሚል እምነት ይታያል። ሁለቱም ምዘናን አይተኩም። በአሜሪካ የሚገኘው ራይስ ዩኒቨርሲቲ ኦፕንስታክስ በሚባለው መርሐ ግብሩ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያሳትማቸው የኮሌጅ መጻሕፍት በሙያ አቻዎች የተገመገሙ ናቸው። ሆኖም ለሌላ አገር ተማሪ የተጻፉ በመሆናቸው ምሳሌዎቻቸው፣ የገንዘብና የሕግ ማጣቀሻዎቻቸው ለእኛ ተማሪ እንዳሉ አይገቡትም።

ሦስተኛው እንቅፋት ስጋት ነው። መምህሩ የራሱን ማስታወሻ ይፋ ቢያደርግ ባልደረቦቹ ስህተት ያገኙበት ይሆን፣ ሌላ ሰው በስሙ ያሳትመው ይሆን ብሎ ይሰጋል። ይህ ስጋት ተፈጥሯዊ ነው፤ በምክር ብቻም አይወገድም። የሚቀንሰው ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት በትምህርት ክፍሉ ሲገመገምና ፈቃዱ ስሙን የመጥቀስ ግዴታ እንደሚጥል መምህሩ ሲረዳ ነው።

አራተኛው የዕውቅና ጉዳይ ነው። ለአካዳሚክ ማዕረግ ዕድገት በጆርናል የታተመ ጽሑፍ ዋጋ ሲሰጠው፣ በሌሎች ተቋማት ጭምር የሚሠራበት በሚገባ የተጣጣመ ሞጁል ተመጣጣኝ ዋጋ ካልተሰጠው፣ መምህሩ ጊዜውን ወዴት እንደሚያውል መገመት አያዳግትም።

አምስተኛው የመሠረተ ልማት ውስንነት ነው። የኤሌክትሪክ መቆራረጥ፣ የመስመር ድክመትና የኮምፒውተር እጥረት እውነተኛ ችግሮች ናቸው። ነገር ግን ክፍት ፈቃድ ራሱ ለዚህ ችግር የመፍትሔ አካል መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ጽሑፉን ማባዛት የተፈቀደ በመሆኑ፣ በዋናው ግቢ አንድ ጊዜ ወርዶ በፍላሽ ወደ ሌሎች ግቢዎች ሊወሰድ፣ በኮሌጁ የውስጥ ኔትወርክ ላይ ሊጫን ወይም ሊታተም ይችላል። ኪዊክስና ኮሊብሪ የተባሉት ነፃ ሶፍትዌሮች የተዘጋጁት ያለ ኢንተርኔት ለመጠቀም ነው። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጁት ፌት የተባሉ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የሒሳብ ማሳያዎችም ወርደው ያለ መስመር ይሠራሉ።

የሚያበቃ ሥልጠና ምን ይመስላል?

የተለመደው አሠራር ለአንድ ወይም ለሁለት ቀናት አዳራሽ ውስጥ ገለጻ መስጠትና ምስክር ወረቀት ማደል ነው። እንዲህ ያለው ሥልጠና ግንዛቤ ይፈጥራል። ነገር ግን መምህሩ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ጊዜው፣ ኮርሱና ችግሩ እንደነበሩ ይጠብቁታል። የተሻለው መንገድ ሥልጠናውን በመምህሩ የራሱ ኮርስ ላይ፣ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ፣ በሥራው መካከል ማካሄድ ነው።

ሥራው በአንድ ጠባብ ርዕስ ይጀመራል። ለምሳሌ የፊዚክስ መምህራን ተማሪዎቻቸው በየዓመቱ የሚቸገሩበትን የኤሌክትሪክ ዑደት ምዕራፍ ይመርጣሉ። ሁለት ወይም ሦስት መምህራን በቡድን ሆነው፣ ከቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጋር፣ ከታወቁ ማከማቻዎች የጽሑፍና የማሳያ አማራጮችን ይሰበስባሉ። እያንዳንዱን በአምስት ጥያቄዎች ይመዝኑታል፦ ይዘቱ ትክክል ነው? ለተማሪዎቻችን ደረጃ ይመጥናል? ወቅታዊ ነው? ከሥርዓተ ትምህርቱ ዓላማ ጋር ይጣጣማል? ማየት ወይም መስማት ለተሳነው ተማሪ ተደራሽ ነው?

ቀጥሎ ፈቃዱ ይነበባል። አንድ ኮርስ ከተለያዩ ምንጮች ሲቀናበር ፈቃዶቹ መጣጣማቸው መታየት አለበት። ለምሳሌ «በተመሳሳይ ፈቃድ ይካፈል» የሚለውን አንድ ጽሑፍ፣ «ለንግድ አይዋል፣ በተመሳሳይ ፈቃድም ይካፈል» ከሚለው ጋር አዋህዶ አንድ አዲስ ጽሑፍ ማድረግ አይቻልም፤ ሁለቱ የሚጠይቋቸው ፈቃዶች የተለያዩ ናቸውና። ሁለቱን ጎን ለጎን እንደ የተለያዩ ንባቦች ማቅረብ ግን ይቻላል።

የማጣጣም ሥራ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ዶላር በብር ይተካል፤ ስለ ቤዝቦል ውጤት የሚያወራ የስታቲስቲክስ ምሳሌ ስለ ጤፍ ምርት ወይም ስለ ትምህርት ቤት ምዝገባ በሚያወራ ይለወጣል። ይህ ጌጥ አይደለም። ተማሪው ምሳሌውን ለመረዳት የሚያወጣው ጉልበት ከጽንሰ ሐሳቡ ላይ የሚቀነስ ጉልበት በመሆኑ ነው። በመጨረሻም የእያንዳንዱ የተወሰደ ክፍል ርዕስ፣ አዘጋጅ፣ ምንጭና ፈቃድ ተጽፎ፣ ምን እንደተለወጠም ይገለጻል። ጽሑፉ በክፍል ውስጥ ይሞከራል፣ ይታረማል፣ በትምህርት ክፍሉ ይገመገማል፣ ከዚያም በፈቃድ ይለቀቃል።

ለዚህ ሥራ አዲስ መዋቅር መፍጠር የግድ አያስፈልግም። ለመምህራን አሠልጣኞች ሲሰጥ የቆየው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም መምህሩ የራሱን ማስተማር እየመረመረ እንዲያሻሽል የሚጠይቅ ነው። ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያም በየተቋሙ የሚታወቅ አሠራር ነው። የአንድን ምዕራፍ ማጣጣም ለሁለቱም የሚመጥን ተግባር ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሻሻለው የመምህራን የመረጃና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ የብቃት ማዕቀፍ ውስጥም ክፍት የትምህርት ሀብቶችን መጠቀም ተካቷል።

የቋንቋው ጉዳይ

በመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ይህ ጉዳይ ልዩ ክብደት አለው። ዕጩ መምህሩ ነገ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ ወይም በሌላ የአገራችን ቋንቋ ሕፃናትን ያስተምራል። ክፍት ሀብቶች ግን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። በመደበኛው የቅጂ መብት ሥርዓት መተርጎም የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ ወደ ውጭ አገር አሳታሚ ደብዳቤ መጻፍ ደግሞ ለአንድ ኮሌጅ አዳጋች ነው። ማጣጣምን የሚፈቅድ ፈቃድ ይህን በር አስቀድሞ ይከፍታል። ክፍት ፈቃድ ለእኛ ከዋጋው ነፃነት በላይ ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው።

በአገር ውስጥ ቋንቋዎች የተዘጋጁ ነባር ጽሑፎችም የራሳቸው ችግር አለባቸው። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊትም ሆነ ለዓመታት በኋላ ብዙ ጽሑፎች የራሳቸው አሠራር ባላቸው መተየቢያዎች ተጽፈዋል። እንዲህ ያለ ሞጁል በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ፊደሉ ይበታተናል፤ ቃል ተፈልጎ አይገኝበትም፤ ለዓይነ ስውር ተማሪ የሚያነብ ሶፍትዌርም አያነበውም። ስካን ተደርጎ እንደ ፎቶ የተቀመጠ ገጽም ከዚህ አይሻልም። ስለዚህ አንድ ሞጁል በክፍት ፈቃድ ከመለቀቁ በፊት በዩኒኮድ መተየቡና ሊሻሻል በሚችል ፋይል መቀመጡ ሊረጋገጥ ይገባል። የማይሻሻል ፋይል የፈቃዱን ዓላማ ያከሽፋል።

ሕጉ ምን ይላል?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሥራ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ያለ ምዝገባ ጥበቃ እንዲያገኝ ያደርጋል። ስለዚህ ፈቃድ ያልተጻፈበት ሃንድአውት «የማንም አይደለም» ማለት አይቻልም፤ በተቃራኒው መብቱ ሙሉ በሙሉ እንደተጠበቀ ይቆጠራል። አዋጁ ለማስተማር ዓላማ የታተመ ሥራን ማባዛትን ይፈቅዳል፤ ሆኖም ተገቢ ከሆነው አሠራርና ከዓላማው ወሰን ሳያልፍ፣ ምንጩና ደራሲው ተጠቅሶ መሆን አለበት። በሽያጭ ላይ ያለን መጽሐፍ ከሽፋን እስከ ሽፋን ስካን አድርጎ ለብዙ ሰው ማሰራጨት በዚህ ድንጋጌ ይሸፈናል ብሎ መተማመን አያስኬድም።

ሌላው ነጥብ ባለቤትነት ነው። በሥራ ውል መሠረት በቅጥር ላይ የተሠራ ሥራ፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ፣ የመጀመሪያ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ነው። ስለዚህ ኮሌጁና መምህሩ በጉዳዩ ላይ በጽሑፍ መግባባታቸው ሁለቱንም ይጠብቃል። ጥሩ የተቋም መመሪያ መምህሩ ሥራውን በክፍት ፈቃድ መልቀቅ መቻሉን፣ ስሙ ሁልጊዜ መጠቀሱን እና ሥራው ለማዕረግ ዕድገት መቆጠሩን በግልጽ ያስቀምጣል። መምህራንም አንድ ነገር አስቀድመው ሊያውቁ ይገባል፦ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ አንዴ የተለቀቀ ቅጂ ፈቃዱ በኋላ አይሻርም።

ከተገልጋዮች ሊነሱ የሚችሉ ጥያቄዎች

በክፍት ኮርስ የተማረ ሰው ዲግሪ ያገኛል? አያገኝም። ለምሳሌ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ክፍት ኮርሶች ለዕውቀት የሚውሉ ናቸው፤ ክሬዲትም ሆነ የትምህርት ማስረጃ አያስገኙም። ሕጋዊ ማስረጃ የሚሰጠው ዕውቅና ያለው ተቋም ነው። የተቋማትን ዕውቅናና የውጭ አገር ማስረጃ አቻ ግምትን የሚመለከቱ ጥያቄዎች ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይቀርባሉ።

አንድ ሰው ክፍት መጽሐፍ አትሞ ቢሸጥልኝ ሕገ ወጥ ነው? በፈቃዱ ይወሰናል። ባለቤቱን መጥቀስ ብቻ የሚጠይቅ ፈቃድ መሸጥን አይከለክልም፤ «ለንግድ አይዋል» የሚለው ግን ይከለክላል። በሁለቱም ሁኔታ ገዢው ያው ጽሑፍ ያለ ክፍያ እንደሚገኝ ቢያውቅ ይጠቀማል። የፈቃዱ ምልክት በአብዛኛው በመጽሐፉ መግቢያ ገጾች ላይ ይገኛል።

የግል ኮሌጆች መጠቀም ይችላሉ? ይችላሉ። ክፍት ፈቃድ በመንግሥትና በግል ተቋም መካከል አይለይም። ለንግድ መዋልን የሚከለክል ፈቃድ ሲያጋጥም ግን ተቋሙ ጽሑፉን የሚሸጥ ከሆነ አስቀድሞ የባለመብቱን ይሁንታ መጠየቅ ይኖርበታል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ ጽሑፍስ? የዱባዩ ጉባኤ ካተኮረባቸው ጉዳዮች መካከል አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች ይገኙበታል። እነዚህ መሣሪያዎች ረቂቅ ለማዘጋጀትና ለትርጉም ሊያግዙ ይችላሉ። ሆኖም ሐሰተኛ ማጣቀሻና የተሳሳተ ቁጥር በርግጠኝነት ቃና ሊያቀርቡ ስለሚችሉ፣ በተለይ በአገር ውስጥ ቋንቋዎች፣ በባለሙያ ሳይመረመሩ ለተማሪ መሰጠት የለባቸውም።

ሥራዬን ማስመዝገብ ብፈልግስ? ጥበቃ ለማግኘት ምዝገባ ግዴታ ባይሆንም፣ ለማስረጃነት ማስመዝገብ የሚፈልግ ሰው ወደ ኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን መሄድ ይችላል። ሥራን በክፍት ፈቃድ መልቀቅ የደራሲነት ስምን አያሳጣም።

የሥልጠና ጥያቄ ለማን ይቀርባል? የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች በክልል ትምህርት ቢሮዎች ሥር በመሆናቸው ጥያቄው በኮሌጁ ዲን በኩል ወደ ክልሉ ቢሮ ይሄዳል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የሚመሩት በሥራና ክህሎት ዘርፍ ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን በየተቋማቸው የአካዳሚክ ጉዳዮች ኃላፊ በኩል ያቀርባሉ።

ማጠቃለያ

ክፍት የትምህርት ሀብቶች የመጽሐፍ እጥረትን በአንድ ጊዜ አያስወግዱም፤ መምህርንም አይተኩም። ዋጋቸው የሚታወቀው አንድ መምህር የወሰደውን ጽሑፍ ለተማሪው አስማምቶ፣ አሻሽሎ፣ ስሙንና ምንጩን ጽፎ ለሌላ ኮሌጅ ባልደረባው ሲያስተላልፍ ነው። ለዚህም ከየተቋሙ የሚጠበቁ ሦስት ነገሮች በአቅም ውስጥ ያሉ ናቸው፦ መምህሩ በራሱ ኮርስ ላይ የሚሠለጥንበት ጊዜ፣ ሥራው የሚቆጠርበት መስፈርት እና ጽሑፉ በምን ፈቃድ እንደሚለቀቅ የሚናገር አጭር መመሪያ። ተማሪውም በሴሚስተሩ መግቢያ የተሰጠው ጽሑፍ ማን እንዳዘጋጀው፣ ከየት እንደተወሰደና ለሌላ ለማካፈል የተፈቀደ መሆኑን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ማንበብ ይገባዋል። የየኮሌጁ እርምጃ ከዚያች ገጽ ሊጀምር ይችላል።